የልጆቹ መርዶ በካሜራ፦ መታየት ነበረበት?

እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 2023 በፍሎሪዳ ኦካላ ከተማ አንዲት ነጭ ሴት ጥቁር ጎረቤቷን በተቆለፈ በር ውስጥ ሆና ተኩሳ ገደለቻት። ሟቿ የ35 ዓመት ሴት፣ የአራት ልጆች እናት ነበረች። የጠቡ መነሻ ልጆች በቤቱ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ መጫወታቸው ነው። የጊታ ጋንድቢር ዘጋቢ ፊልም «ዘ ፐርፌክት ኔይበር» ታሪኩን የሚያሳየን ከሞላ ጎደል ፖሊሶች ደረታቸው ላይ በሚያደርጉት ካሜራ ነው። ፊልሙን ያዩ ሁለት ጸሐፊዎች እንዲህ ተከራክረዋል።

ተቃዋሚ፦ መርዶ የሚነገረው ሰዓት ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። እዚህ ግን አባት ልጆቹን እናታችሁ ሞታለች ሲላቸው የፖሊስ ካሜራ ይቀርጻል፤ እኛም ሶፋችን ላይ ተቀምጠን እናያለን። ያ ካሜራ የተገዛው ፖሊስን ለመቆጣጠር ነው። በዚያች ደቂቃ ማንን ተቆጣጠረ? ልጆቹንስ ማን ጠየቃቸው?

ደጋፊ፦ ወንድሜ፣ የሟቿ እናት ፊልሙን በአደባባይ ደግፋለች፤ ከእርሷ በላይ ለልጆቹ ልንቆረቆር አይገባም። በ1955 በሚሲሲፒ ነጮች የገደሉት የ14 ዓመቱ ጥቁር ልጅ የኤመት ቲል እናት የልጇ ሬሳ ሣጥን ተከፍቶ እንዲታይ ያደረገችው ሰው ተሸፋፍኖ የተነገረውን እንደማያምን ስለገባት ነው።

ተቃዋሚ፦ ምሳሌው ከባድ ነው፤ ግን ለእኔ ያደላል። ኤመት ቲል ሞቷል፤ የወሰነችውም እናቱ ናት። እነዚህ ልጆች በሕይወት አሉ። ነገ የክፍል ጓደኛቸው ስልኩን አውጥቶ ልቅሷቸውን ሊያሳያቸው ይችላል። የአያት ፈቃድ ለዚህ አይበቃም። ደግሞ ፍርዱ ፊልሙን አልጠበቀም። ዳኞቹ በኦገስት 2024 ጥፋተኛ ናት ብለዋል፤ በኖቬምበርም የ25 ዓመት እስራት ተፈርዶባታል። ፊልሙ መታየት የጀመረው በ2025 ነው። ታዲያ የእኛ ማየት ምን ጨመረ?

ደጋፊ፦ የተፈረደው በአንዲት ሴት ላይ ነው። ፍሎሪዳ በ2005 ያወጣችው ሕግ ግን እስከ ዛሬ በቦታው አለ፤ ለሕይወቱ የሰጋ ሰው፣ ማፈግፈግ ቢችል እንኳ፣ እንዲተኩስ ይፈቅዳል። የዚህ ሕግ ክፋቱ ምንድን ነው? ከሁለቱ አንዱ ሞቷል፤ «ፈርቼ ነበር» የሚለው የቀረው ነው። እዚህ ግን ካሜራው ከግድያው በፊት የነበረውን ሁሉ ይዟል። ሴትዮዋ ደጋግማ ትደውላለች፣ ፖሊሶቹ ይመጣሉ፣ ልጆቹ መጫወታቸው ጥፋት አይደለም ብለው ይሄዳሉ፤ እንደገና ትደውላለች። ሟቿ ልትናገር የማትችለውን ቀረጻው ተናገረላት። እኔ የምደግፈው ይህንን ነው።

ተቃዋሚ፦ ሕጉ ይህን ያህል ካሳሰባት፣ ዳይሬክተሯ የሚያብራራ አንድ ባለሙያ እንኳ ለምን አላቀረበችም? ተመልካቹ ተነጫናጭ ጎረቤት አይቶ፣ ተናዶ፣ ቴሌቪዥኑን ይዘጋል። ሕጉም ፖሊሱም በሴትዮዋ ጀርባ ተከልለው ያመልጣሉ።

ደጋፊ፦ ሊቅ አላስፈለገኝም። ሰው ገድላ፣ ፖሊስ ጠይቆ ሲያሰናብታት አየሁ። የታሰረችው ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ የአውራጃው ሸሪፍም ለመዘግየቱ የሰጡት ምክንያት ይኸው ሕግ ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ማብራሪያ አለ?

ተቃዋሚ፦ ይህ ክፍል ይታይ፤ በጥሪዎቹም፣ በምርመራውም አልተቃወምኩም። መርዶው ቢቀር ግን ከክርክርዎ አንዲት ቃል አትጎድልም።

ደጋፊ፦ ትጎድላለች። በሴትዮዋ አቤቱታ ውስጥ እነዚያ ልጆች አስጊዎች ናቸው። እናታቸውን ሲጣሩ የሰማ ሰው ያንን አቤቱታ ሁለተኛ አያምነውም።

ተቃዋሚ፦ ሜዳው ላይ ኳስ ሲጫወቱ ያየ ሰውም አላመነውም፤ የመጡት ፖሊሶች ራሳቸው አላመኑትም።