ቻው ብዬ ገባሁ

ሮም የገባሁ ዕለት ነው። ሻንጣዬን እየጎተትኩ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሊፍቱ ተበላሽቷል። አብሬያቸው ከምኖረው ልጆች አንዷ በሩን ከፈተችልኝ። ጥርሷ እስኪቆጠር ፈገግ ብላ፣ "ቻው!" አለችኝ።

እኔም "ቻው" አልኩና ሻንጣዬን አዙሬ ወረድኩ።

ምን ላድርግ? ቻው ማለት ሂድ ማለት ነዋ። አፌን ሳልፈታ እጄን ይዘው እያወዛወዙ "ቻው በል! አክስትህን ቻው በል!" ሲሉኝ፣ አክስቴ ወደ በሩ እየሄደች ነበር እንጂ እየገባች አልነበረም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስደርስ ልጅቷ በባዶ እግሯ ሮጣ ደረሰችብኝ። እስከ ዛሬ ቤታችን እራት የበላ እንግዳ ሁሉ ይህን ታሪክ ሳይሰማ አይሄድም።

የኔ ጉድ ጣልያንኛ አለማወቄ አይደለም። የማውቅ መምሰሌ ነው። አጎቴ ሱማሌ ተራ ጋራዥ ውስጥ ዕድሜውን የፈጀ መካኒክ ነው። ጣልያን ልሄድ መሆኑን ሲሰማ፣ "ምን ያስጨንቅሃል፣ ግማሹን ትችለዋለህ" አለኝና በጣቱ ቆጠረልኝ። ካቻቢቴ። ፒንሳ። ጎማ። ፍሬን። ፍሪሲዮን። ኩሽኔታ። ከጋራዥ ወጥቶ ደግሞ ቦርሳ፣ ካልሲ፣ ካፖርት፣ ጋዜጣ፣ ፋብሪካ አለ። ሁሉም ከጣልያን የመጡ ናቸው፣ አልዋሸም። ግን ሰው ቤት ገብቶ በካቻቢቴ ጨዋታ አይጀመርም። የተማመንኩበት ማኪያቶ እንኳ ከዳኝ። ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብዬ አዘዝኩ። የመጣችልኝ ሲኒ የአሻንጉሊት ትመስላለች። ጥቁር ቡና፣ ላዩ ላይ ወተት ጠብ ያለበት። ማኪያቶ ማለት ለካ "እድፍ ያረፈበት" ነው። እነሱ ጋ ቡናው ነው በወተት የሚያድፈው። እኛ ጋ ግን ወተቱ ነው በቡና የሚያድፈው።

ወደ ቻው ልመለስ። የቤታችን ልጅ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ቻው ስትመጣም ስትሄድም ይባላል።

"ታዲያ ሰውየው እየመጣ ይሁን እየሄደ በምን ታውቃላችሁ?"

"በዓይናችን" አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ማን ያቁመኝ። ለዳቦ ሻጩ ቻው። ለአውቶቡስ ሹፌሩ ቻው። ለቄሱ ቻው። የመኖሪያ ፈቃድ ልጠይቅ ጧት ተሰልፌ፣ ተራዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስጠጋ፣ ለሰውየው ሞቅ አድርጌ "ቻው!" አልኩት። ማኅተሙን አስቀመጠ። መነጽሩን ወደ አፍንጫው ዝቅ አድርጎ አየኝ። "ቦን፣ ጆር፣ ኖ" አለኝ፣ ፊደል እንደሚያስቆጥር የኔታ። ከዚያ አንድ ወረቀት ጎድሎሃል ተባልኩና ተመለስኩ። በቻው ምክንያት ነው አልልም። ግን ከኋላዬ "ቦንጆርኖ" ብሎ የቀረበው ሰው አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሲኞራ ይኖራሉ። ሰማንያን የተሻገሩ ናቸው። ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር፣ ማለትም ሁልጊዜ፣ ደረጃው ላይ እንገናኛለን። እኔ "ቻው ሲኞራ!" እላለሁ፣ እሳቸው "ቦናሴራ" ይሉኛል። መልካም ምሽት እየተመኙልኝ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን የቤታችን ልጅ ሰማችኝና ፊቷ አመድ መሰለ።

"ለሲኞራ ቻው አልካቸው?"

ያን ማታ ነው ሁለተኛውን ትምህርት የወሰድኩት። ቻው አንተ እና አንቺ ለምትለው ሰው ነው። እርስዎ ለምትለው ጧት ቦንጆርኖ፣ ወደ ማታ ቦናሴራ፣ ስትለየው አሪቬዴርቺ። አንተ ልበለው ወይስ እርስዎ ብለህ ግራ ከገባህ "ሳልቬ" ብለህ ታልፋለህ። ደነገጥኩ። እኔ እኮ ለታላቅ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ "ኖር!" እያልኩ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ለሦስት ወር ያህል የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ አንተ ስል፣ የሰፈሩን አሮጊት ሁሉ አንቺ ስል ከርሜያለሁ። እኛ ጋ ቻው ደረጃ የለውም። ለሚኒስትሩም ለሊስትሮውም ያው ቻው ነው። (ሊስትሮም ከእነሱ ነው። አጎቴ ሳይቆጥረው ቀርቶ ነው።)

እርስዎ ብሎ መናገር ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። እርስዎ በጣልያንኛ "ሌይ" ነው። "ሌይ" ደግሞ "እሷ" ማለት ነው። ለወንዱም! ጺሙ ደረቱ ላይ የተኛ ዳኛ በክብር ሲጠየቅ፣ ቃል በቃል "እሷ እንዴት ነች?" ይባላል። ይህን መርካቶ ውስጥ የሚሞክር ካለ መጀመሪያ ሩጫ ይለማመድ። ሙሶሊኒም አልዋጠለትም ነበር። በ1930 ዓ.ም. ፓርቲው "ሌይ" የሴትና የባዕድ ነገር ነው ብሎ፣ በምትኩ "ቮይ" ማለትም "እናንተ" እንዲባል አዘዘ። ያን ጊዜ ጦሩ አዲስ አበባ ተቀምጦ ነበር። ጦሩም ሄደ፣ ትእዛዙም ሄደ። "እሷ" ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለች።

ከሁሉ የገረመኝ የቻው ዘር ማንዘር ነው። የትውልድ አገሩ ቬኒስ ነው። የቬኒስ ሰው በአክብሮት ሲገናኝና ሲለያይ "ስቻቮ ቮስትሮ" ይል ነበር። "ባሪያዎ ነኝ" ማለት ነው። ቃሉ በየአፉ ሲታኘክ ተሸራርፎ ቻው ሆኖ ቀረ። በግዕዙ ብናየው "ገብርከ" መሆኑ ነው። ገብረ ማርያም እና ገብረ ሚካኤል የሚባሉ ዘመዶቻችን ሁሉ በስማቸው ውስጥ ትንሽ ቻው ይዘው ይዞራሉ ማለት ነው።

እንግዲህ አስቡት። በ1928 በቦምብና በመርዝ ጋዝ አገራችን የገባ ጦር፣ እርስ በርሱ ሲገናኝ "ባሪያህ ነኝ" እየተባባለ ነበር። በሚገባ ያልተረጎመው ለእኛ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ከሁለቱ ትርጉም መርጠን የያዝነው አንዱን ብቻ ነው። ሲመጡ የሚሉትን ትተን ሲሄዱ የሚሉትን ወሰድን። ለምን እንደሆነ የቋንቋ ሊቅ አልጠየቅኩም። ግን ጣልያን እየገባ ከሚለው ይልቅ እየወጣ የሚለው ቢጥመን ማን ይፈርድብናል?

እነሱም ከእኛ ወስደዋል። አንድ ቀን የቤታችን ልጅ ወጥ ቤት ገብታ የተከመረውን ሳህን አየችና "አምባራዳን!" ብላ ጮኸች። ምንድን ነው ስላት፣ ትርምስ፣ ዝብርቅርቅ ማለት ነው አለችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትለው ቃል ነው። አምባ አራዳም እኮ ከመቀሌ በስተደቡብ ያለ ተራራ ነው፣ አልኳት። በየካቲት 1928 የራስ ሙሉጌታ ጦር ያለቀበት ነው። ሰፍነጉን እንደያዘች ቆመች። ተራራ መሆኑን ሰምታ አታውቅም። ትንሽ ቆይታ ሳህኑን ማጠብ ጀመረች። የዚያን ቀን ተረኛው እኔ ነበርኩ።

ስልክ ላይ ደግሞ ቻው አንድ ጊዜ አይበቃም። ልጅቷ ከእናቷ ጋር አውርታ ስትጨርስ "ቻው፣ ቻው፣ ቻው ቻው ቻውቻው" እያለች ድምጿ እንደሚርቅ ባቡር ይጠፋል። አንዴ ቆጥሬያለሁ፣ ዘጠኝ። እንዲያም ሆኖ ከእኛ ይሻላሉ። እኛ "እሺ በቃ፣ በል ቻው፣ ኧረ ቆይ አንድ ነገር ረሳሁ" ከተባለ በኋላ ነው ዋናው ወሬ የሚጀምረው።

እናቴ የደወለች ቀን አፌ ለምዶ ኖሮ፣ ስልኩን እንዳነሳሁ "ቻው እማዬ!" አልኩ። ጸጥ አለ። ተዘጋ። መልሼ ስደውል ያነሳችው እህቴ ናት።

"ምን ብለሃት ነው? ገና እንዴት ዋልክ ሳልለው አሰናበተኝ እያለች ነው።"

ለእህቴ አስረዳሁ፣ እህቴ ለእማዬ አስረዳች። በመጨረሻ እማዬ ስልኩን ተቀበለች። "እና አሁን" አለች፣ "ይሄ ቻው የመግቢያው ነው የመውጫው?"

ለሲኞራ ቦናሴራ ማለት ከጀመርኩ አንድ ዓመት ተኩል ሆነኝ። በመሀሉ ቡና ቤቱ ያለው ልጅ እኔን ቻው ማለት ትቶ "ቦንጆርኖ" ማለት ጀመረ። ጸጉሬን መስተዋት ላይ አየሁና ፍርዱን ተቀበልኩ። ባለፈው ሳምንት ግን ደረጃው ላይ የሲኞራን ዘንቢል ተቀብዬ በራቸው ድረስ አደረስኩላቸው። ቁልፋቸውን አውጥተው ዘወር አሉና "ቻው" አሉኝ።

ይህ በታላቅ ሰው ፈቃድ ብቻ የሚገኝ ሹመት ነው። ተሿሚው ግን አፉ ተሳሰረ። ቻው ብዬ ብመልስ ድፍረት መሰለኝ። ቦናሴራ ብል ደግሞ የሰጡኝን መግፋት ነው። ዘንቢሉን አስቀምጬ፣ እንደ አገሬ ወግ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ሲኞራ ሳቃቸው መጣ። ገብተው በሩን ዘጉት። ወዲያው መልሰው ገርበብ አደረጉትና አንድ እጃቸውን ብቻ አውጥተው አወዛወዙልኝ።

"ቻው በለኛ!" አሉኝ።

እኔም እጄን አወዛወዝኩ።