ኮሶ የሚጠጣው ለአንድ በሽታ ነበር

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞሩ የአፍሪካ ባህላዊ መድኃኒት ማስታወቂያዎች አሠራራቸው አንድ ነው። ተቀቅሎ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ሥር ስኳርን፣ የደም ግፊትን፣ ኪንታሮትን፣ የኩላሊት ጠጠርን፣ መካንነትን፣ አልፎ ተርፎም ካንሰርን ከነሰንኮፉ ነቅሎ ይጥላል ይባላል። ተክሉ ምን እንደሆነ አይነገርም። ስንት እንደሚጠጣ፣ ለስንት ቀን እንደሚወሰድ፣ ማን ሊርቀው እንደሚገባም አይነገርም። ባህላዊ ሕክምናችንን የውጭ ሰው ንቀት ከጎዳው ይልቅ ይህ አነጋገር የበለጠ እየጎዳው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የቀድሞ አዋቂዎች እንዲህ አድርገው አያክሙም ነበር።

ኮሶን እንውሰድ። ለመድኃኒት የሚፈለገው የእንስቷ ዛፍ አበባ ነው። ደርቆ ይወቀጣል፣ በውኃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ዓላማውም የኮሶ ትልን ማስወጣት ብቻ ነው። ዛፉ ታውቋል፣ ክፍሉ ታውቋል፣ በሽታውም ታውቋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ሳይቀሩ ተቀብለው በመድኃኒት መዝገባቸው ያስገቡት ሥራውን በእርግጥ ስለሚሠራ ነው። ነገር ግን ጠጪውን ያስመልሳል፣ ያዝላል፤ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን እስከ ማጥፋት፣ ሕይወት እስከ መቅጠፍ ይደርሳል። የሚሠራው ንጥረ ነገርና የሚጎዳው ንጥረ ነገር በአንድ ጽዋ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ለሰውነት የሚቀል ክኒን ሲመጣ ኮሶ ቦታውን ለቀቀ። ይህ ለኮሶ ውርደት አይደለም።

የእንዶድ ታሪክ ደግሞ ምን ማድረግ እንደምንችል ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ ዓድዋ ውስጥ ወደ አንድ ወንዝ ወረዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፤ ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈዋል፣ ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን በሕይወት አሉ። አክሊሉ "እንዶድ ድንቅ ነው" ብለው አልተመለሱም። ፍሬውን ወስደው ፈተኑ፤ በምን ያህል መጠን ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ለኩ፤ ዓሣንም ሊጎዳ እንደሚችል ታወቀ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኙት በዚህ ሥራ ነው። ያም ሆኖ ለጋሽ ድርጅቶችና የውጭ ተቋማት የአፍሪካ ቤተ ሙከራ ያወጣውን ውጤት እንደ በቂ ማስረጃ ለመቀበል ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ይህን ሳስብ ዛሬም እቆጫለሁ። ቁጭቱ ግን ከፈተና ለመሸሽ ምክንያት አይሆነኝም፤ የራሳችንን ቤተ ሙከራ ለማጠናከር ነው የሚያነሣሣኝ።

በማዳጋስካር የሚበቅል ባለ ሮዝ አበባ ተክል አለ፤ በብዙ አገር ሰዎች ለስኳር ሕመም ይጠጡት ነበር። በ1950ዎቹ ተመራማሪዎች ይህን አባባል ለማረጋገጥ ቅጠሉን ሲመረምሩ በስኳሩ በኩል የጠበቁትን አላገኙም። የሙከራ እንስሳቱ ነጭ የደም ሕዋስ ግን መቀነሱን አስተዋሉ። ቪንብላስቲንና ቪንክሪስቲን የሚባሉት የካንሰር መድኃኒቶች የተገኙት ከዚያ ነው፤ የደም ካንሰር ያለባቸው ብዙ ሕፃናት በእነርሱ ድነዋል። ለስኳር ነው የተባለው ለካንሰር ሆነ! ያለ ምርመራ ቢቀር ኖሮ አንዱ ሕመምተኛ በማይጠቅመው ሻይ ጊዜውን ያጠፋ ነበር፣ ሌላው ሊያድነው የሚችለውን አያገኝም ነበር።

ያቺው ማዳጋስካር በሚያዝያ 2020 ለኮቪድ መድኃኒት ብላ አርቴሚዥያ ከሚባል ተክል የተሠራ መጠጥ በጠርሙስ አቀረበች። የዓለም ጤና ድርጅት መጀመሪያ ሙከራ ይደረግበት ሲል የወቅቱ ፕሬዚዳንት አንድሪ ራጆሊና ይህን ያገኘው የአውሮፓ አገር ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ጥርጣሬ ይነሣ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ መጠጡ ግን በጥያቄው ትክክለኛነት ሊያድን አይችልም። በሐምሌ በሽታው ተስፋፍቶ ዋና ከተማዋ አንታናናሪቮ እንደገና ተዘጋች። ከዚሁ ተክል ለወባ የሚሆነውን አርቴሚሲኒን ለይተው በማውጣታቸው ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። መነሻቸው እርሳቸውም የቆየ የቻይና የመድኃኒት ጽሑፍ ነበር። የቅጠሉ ሻይ ግን ዛሬም ለወባ አይመከርም፤ በአንዱ ኩባያና በሌላው ያለው የመድኃኒት መጠን ስለሚለያይ በቂ ያልሆነ መጠን ወባውን ከመግደል ይልቅ መድኃኒቱን እንዲላመድ ሊያደርገው ይችላል።

"ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም" የሚለውን አባባል ደግሞ ጨርሶ መተው አለብን። በደቡብ አፍሪካ ዙሉዎች ኢምፒላ የሚሉት ሥር ጉበትንና ኩላሊትን አጥፍቶ ሕፃናትን ጨምሮ ብዙ ሰው ገድሏል። እርሱም ከመሬት የበቀለ ነው።

ስለዚህ ሻጩን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ የተክሉን ስም፣ የትኛው ክፍሉ እንደሆነ፣ መጠኑን፣ የሚያድነውን አንድ በሽታ ይጻፍ። ኢንሱሊን የሚወስድን ሰው "መርፌውን አቁም" የሚል ሰው ደግሞ በሕግ ሊጠየቅ ይገባል፤ መርፌው ካቆመ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላልና። ሐኪሞቻችንም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሕመምተኛው ቅጠል መጠጣቱን የሚደብቀው ቁጣን ፈርቶ ነው፤ የደበቀው ነገር ደግሞ ከታዘዘለት ክኒን ጋር ተጋጭቶ ሊጎዳው ይችላል። በካርዱ ላይ ስለ አለርጂ እንደሚጠየቅ ሁሉ ምን ዓይነት የባህል መድኃኒት እንደሚወስድም ሳይገላምጡት ይጠይቁት፣ መልሱንም ይመዝግቡት።