ነጥብህን አታባክን?

የዲፓርትመንት መምረጫ ሰሞን ሲደርስ አንድ ምክር ከየአፉ ይሰማል። «ነጥብህን አታባክን።» አባት ይላል፣ አጎት ይላል፣ የዶርም ጓደኛ ይላል። ጥሩ ነጥብ ያመጣ ልጅ ሕክምና ወይም ሶፍትዌር ካልሞላ ቤተሰቡ እንደ ተዘረፈ ሰው ያዝናል። ጂኦሎጂ ልማር ቢልማ ሽማግሌ ይላክበታል።

ምክሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 ትንሽ ከፍ ብሎ 5.4 ሆነ። በዚህ ጠባብ በር ያለፈ ልጅ ለውጤቱ ቢሳሳ አይፈረድበትም። ግን ነጥቡ የሚመሰክረው ልጁ ፈተና መሥራት እንደሚችል ነው። በየቀኑ ጠዋት ተነስቶ ምን ዓይነት ሥራ ላይ ቢውል እንደሚሻለው ከግሬድ ሪፖርት ላይ አይነበብም።

«ምን መሆን እንደምፈልግ አላውቅም» የሚል ወጣት እኛ ዘንድ ዓላማ ቢስ ተደርጎ ይታያል። ከየት ይወቀው? አንዲት የወረዳ ከተማ ውስጥ ያደገ ልጅ በዓይኑ ያየው ሥራ የአስተማሪን፣ የነርስን፣ የፖሊስን፣ የነጋዴን፣ የሹፌርንና የባንክ ሠራተኛን ነው። ሌላው ሁሉ ስም ነው። አንትሮፖሎጂ የሚባል ትምህርት መኖሩን ብዙዎች የሚሰሙት ፍሬሽማን ገብተው ኮርሱን ሲወስዱ ነው። የፍሬሽማን ዓመት በ2012 መመለሱ በዚህ በኩል ጠቅሟል፤ ቢያንስ ማሰቢያ ጊዜ ሰጥቷል። ግን ያም ዓመት የሚያልፈው ክፍል ውስጥ ነው። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊ ተምሮ ቅጽ ይሞላል። የምህንድስና ተማሪ ወደ ኢንተርንሺፕ የሚወጣው አራተኛ ዓመት ላይ ነው። ያኔ «ሳይት ላይ መዋል ለካ አልወድም» ቢል ማን ይሰማዋል?

የገበያውን ትንቢት አምኖ መምረጥም ብዙ አላዋጣም። መንግሥት በ2001 አካባቢ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማሩ አለ። ያኔ «ኢንጂነር ሥራ አያጣም» ይባል ነበር። ከዓመታት በኋላ ምህንድስና ተመርቆ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ የማያውቅ ሰፈር ጠፋ። ሐኪም ሥራ አያጣም ሲባል ኖሮም፣ ተመርቀው ምደባ የሚጠብቁ ሐኪሞችን አየን። በግንቦት 2017 ደግሞ የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። በሌላ በኩል፣ ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና መጠገን የሚያውቅ ባለሙያ ይፈለጋል። ከአሥር ዓመት በፊት ይህን ለልጁ የመከረ አባት ያለ አይመስለኝም። ቴክኒክና ሙያ ግባ ማለት እኮ እስከ ዛሬ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና አልፋ፣ ሌቨል 4 ይዛ፣ በእጇ ሥራ ቤት የምታስተዳድር ሴት እያለች «ምን ተመረቅሽ?» ተብላ ስትጠየቅ አንገቷን ትደፋለች። ለዚህ ጥፋቱ የጠያቂው ነው።

እና ምን ይሁን? እኔ የምለው፣ ማዕረጉን ትታችሁ የሥራውን ውሎ ተመልከቱ። እኛ ዘንድ ዶክተርም ኢንጂነርም ከስም ፊት የሚቀጠሉ መጠሪያዎች ናቸው፤ ሰርግ ላይ ያምራሉ። ውሎው ግን ሌላ ነው። ሕክምና ማለት ስድስት ሰባት ዓመት ትምህርት፣ ከዚያ ዲዩቲ እያደሩ ያበጠ ዓይን ይዞ በማግስቱም ታማሚ ማየት ነው። አካውንቲንግ ማለት የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ሐምሌን ሙሉ ከሰነድ ጋር መታገል ነው። የእናንተ ክረምት እዚያው ቢሮ ውስጥ ያልቃል። አስተማሪነት ማስተማር ብቻ አይደለም፤ ማታ ማታ የስድሳ ልጅ ወረቀት ማረም አለበት። ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው አዲስ ነገር ሲፈጥር ሳይሆን በአብዛኛው «ይህ ነገር ለምን እንቢ አለ?» እያለ ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን ይወደዋል። ሌላው በሁለት ሰዓት ውስጥ ላፕቶፑን ሊወረውረው ይደርሳል። የትኛው እንደሆናችሁ ለማወቅ አራት ዓመት መማር አያስፈልግም። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ነው። አንዱን ኮርስ ግቡበትና ሞክሩት። ሰርተፍኬቱን ቴሌግራም ላይ ከመለጠፍ ይልቅ፣ ስህተቱ አልገኝ ሲላችሁ የተሰማችሁን አስታውሱ።

ሌላውን ሙያ ለማየት ደግሞ ሰው ጠይቁ። ሥራ አስኪያጁን አይደለም፤ እሱ የሚነግራችሁ የስኬቱን ታሪክ ነው። ሥራ ከጀመረ ሦስት አራት ዓመት የሆነውን ልጅ ፈልጉ። የእኛ አገር ሰው ማኪያቶ ከተጋበዘ ስለ መሥሪያ ቤቱ የማያወራው ነገር የለም። ትናንት ምን ስትሠራ ዋልክ በሉት። ከሥራህ የትኛው ክፍል ያሰለችሃል? ደመወዝህ ለቤት ኪራይ ይበቃል? አለቃህ ያስቀናሃል፣ ማለትም ከአሥር ዓመት በኋላ እሱን መሆን ትፈልጋለህ? ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ታስወጣለች። ክረምት ላይ ደግሞ የአክስት ፋርማሲም ይሁን የጎረቤት ጋራዥ ወይም ማተሚያ ቤት ሄዳችሁ ያለ ክፍያ ዋሉ። ያልተጋበዘ እንግዳ ትመስላላችሁ፤ ግድ የለም። ስትውሉ «ደስ አለኝ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትመዝኑ። አዲስ ነገር ለሳምንት ሁሉንም ሰው ደስ ይለዋል። አሰልቺው ክፍል ሲመጣ ልችለው እችላለሁ ወይ በሉ።

እዚህ ላይ «ውስጥህን ስማ፣ ህልምህን ተከተል» የሚሉት የአዳራሽ ተናጋሪዎች ይቀየሙኝ ይሆናል። ምክራቸው የቤት ኪራዩን ሌላ ሰው ለሚከፍልለት ልጅ ጥሩ ነው። የብዙዎቻችን ቤት ግን እንዲህ አይደለም። የመጀመሪያ ልጅ ሲመረቅ ታናናሾቹ ተራቸውን እየጠበቁ ነው፣ እናት ደክማለች፣ ገጠር ያለው ዘመድም ስልክ መደወል ይጀምራል። እንዲህ ያለ ልጅ «ቶሎ ደመወዝ የሚያስገኘኝን እመርጣለሁ» ቢል ከማንም ያነሰ ምርጫ አላደረገም። ግን ያንንም በወሬ አይወስን። «ቶሎ ያስቀጥራል» የተባለው ሙያ እውነት ያስቀጥር እንደሆነ ባለፈው ዓመት የተመረቁትን ይጠይቅ።

ያልፈለጉት ዲፓርትመንት የደረሳቸውስ? ለእነሱ የምለው አጭር ነው። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 በመቶ ካልመጣ ዲግሪ የለም። ስለዚህ እያኮረፉ አራት ዓመት መቀመጥ ሁለት ኪሳራ ነው። ጀምራችሁ ሁለተኛ ሦስተኛ ዓመት ከደረሳችሁ ጨርሱት። ጎን ለጎን የምትፈልጉትን ነገር በትንሹ ያዙ። ቀን እየሠሩ ማታ በኤክስቴንሽን ሌላ ሙያ የተማሩ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ ሞልተዋል። ገና ፍሬሽማን ላይ ያሉ ግን ጊዜ አላቸው፤ «ዘገየሁ» የሚለው ስሜት በዚህ ዕድሜ ውሸቱ ይበዛል።

ዩኒቨርሲቲዎችም ቢሆኑ የሚሠሩት ነገር አለ። ምርጫው ሲደርስ የየዲፓርትመንቱ ኃላፊ አዳራሽ ገብቶ የራሱን ትምህርት ክፍል አሞግሶ ይወጣል። ጂኦሎጂውም፣ ስታቲስቲክሱም፣ ሲቪሉም «የአገሪቱ የጀርባ አጥንት» ይሆናሉ። ከኃላፊዎቹ ይልቅ ከየዲፓርትመንቱ ከተመረቁ ሦስት ዓመት የሆናቸውን ሁለት ሁለት ልጆች መድረክ ላይ ቢያወጧቸው ይሻላል፤ አንዱ የተቀጠረ፣ አንዱ ገና የሚፈልግ። ሥራ የሚፈልገውን መድረክ ላይ ማውጣት ያሳፍራል የሚል መምህር ይኖራል። ተማሪው ግን ቅጹን ከመሙላቱ በፊት የእሱንም ታሪክ መስማት አለበት።