ሜትር ሳትይዙ ሶላር አትግዙ

የአዲስ አበባ ሰው ሆይ፣ ኧረ ተው! መብራት በጠፋ ቁጥር ትማረራላችሁ፤ በማግስቱ መርካቶ ወርዳችሁ ያልለካችሁትን ፓነልና ያላሰላችሁትን ባትሪ አስጭናችሁ ትመጣላችሁ። ጥቂት ወር ቆይቶ ደግሞ «ሶላር አይረባም» ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዓለም በየዓመቱ ከሚተክለው አዲስ የኃይል ማመንጫ ትልቁ ድርሻ የፀሐይ ሆኗል፤ የማይረባ ቢሆንማ ማን ይተክለው ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ያሳየው የሲሊኮን ሴል ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው 6 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ዛሬ ደህና የሚባለው ፓነል 20 ከመቶ አልፏል። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ ከሻጭ ምላስ ታድናችኋለች። ጠንካራ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1000 ዋት ያህል ያወርዳል፤ ስለዚህ አንድ ካሬ ሜትር ፓነል የሚሰጣችሁ 200 ዋት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 50 ሳንቲ ሆኖ ጀርባው ላይ «300 ዋት» የተለጠፈበት ፓነል ውሸት ነው፤ ከ100 ብዙም አያልፍም። ለመጋረጃ ጨርቅ ሜትር የሚዘረጋ ሰው ለፓነል ምን ያሳፍረዋል?

ባትሪውም እንዲሁ ነው። 12 ቮልት 200 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ሲባዛ 2400 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ዕድሜው እንዲረዝም ከፈለጋችሁ ግን የምትጠቀሙት ግማሹን፣ 1200ውን ነው። አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ዋይፋይ ተደምረው 100 ዋት ቢወስዱ፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረው ዕቃ) ራሱ የሚበላው ተቀንሶ፣ ወደ 10 ሰዓት ያቆያችኋል። ደህና ነው። ምጣድ ግን 3500 ዋት ገደማ ይጎትታል፤ ያ በ12 ቮልት ወደ 290 አምፔር ነው። ትንሹ ኢንቨርተር ወዲያው ይዘጋል፤ ትልቁ ቢችለው እንኳ ቀጭኑ ገመድ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ባትሪውም ሃያ ደቂቃ አይሞላም። እንጀራችሁን መብራት ሲኖር ጋግሩ!

የመኪና ባትሪ ለዚህ ሥራ አትግዙ። ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፔር እንዲሰጥ የተሠራ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ሲመጠጥ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ይጎዳሉ። ማንኛውንም የእርሳስ ባትሪ ባዶውን አታሳድሩ፤ ሳህኑ ላይ የሚጋገረው ሰልፌት አንዴ ከጠነከረ አይለቅም። ሲጎድል የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃም አሲድም አትጨምሩበት። መኝታ ቤት ማስቀመጡንስ ምን አመጣው? ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ሃይድሮጅን በአንድ የእሳት ፍንጣሪ ይፈነዳል።

ጣሪያ ላይ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብሉት፤ ጨርሶ የተጋደመ አቧራ ያቁራል። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ያላችሁ የጎረቤትን ፎቅ፣ የራሳችሁንም የውሃ ታንከር ጥላ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተከታትላችሁ እዩ። ፓነሉ ውስጥ ያሉት ሴሎች የተያያዙት በተከታታይ ስለሆነ አንዷ ጥግ ብትጠላ የፓነሉ ጉልበት ከጥላው ስፋት በላይ ይወርዳል።

ኤሌክትሪሺያኑ ለፓነሉ የተለመደውን የቤት ብሬከር ሊገጥም ሲል ደግሞ አስቁሙት። የቤት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ሲቋረጥ ብልጭታው ይጠፋል፤ የፓነል ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ) ግን ዜሮ አይነካም፣ ብልጭታው ብሬከሩ ውስጥ እየነደደ ይቀጥላል። ብሬከሩ ላይ «ዲሲ» ተብሎ ቮልቱ ካልተጻፈ ሱቅ መልሱት፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብም ፊውዝ ሳይገባ ሂሳብ አትክፈሉ።