ይድረስ ለበራችን ጉድጓድ

ቁጥር፦ ገና አልወጣለትም፣ የመዝገብ ቤቷ ልጅ ሻይ ወጥታለች
ለክቡር ጉድጓድ
ባሉበት (የት ይሄዳሉ!)
ጉዳዩ፦ መቼ እንደሚደፈኑ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል፣ እኛ አልሀምዱሊላህ ከአንድ ወለምታ፣ ከሁለት የባጃጅ ጎማና ከአንድ ድስት ሽሮ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። ሽሮው የለቅሶ ቤት ነበር፣ የተሸከመችው ጎረቤታችን እግሯ ሸርተት ሲል ድስቱን ለቃ ራሷን አተረፈች፣ ደግ አደረገች፣ ሽሮ እንደገና ይሠራል።

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው እርስዎ ሰፈራችን የመጡት ለሦስት ቀን ነበር። ሄልሜት ያደረገው ሰውዬ በጆሮዬ ነው የነገረኝ፣ «የውሃ መስመር እናሻግራለን፣ ሦስት ቀን ብቻ ታገሱን» አለ፣ እናቴ ደግሞ የሰው ሥራ አይናቅም ብላ ለቆፋሪዎቹ እስከ በረካ ቡና አፈላች፣ ቆሎም ጀባ አለች። ያኔ የታችኛው ቤት ልጅ ገና ትድህ ነበር። ዛሬ ሳንቃዎን ሮጣ ነው የምትሻገረው፣ ቆይታ ደግሞ መሀል ላይ ቆማ ትዘልበታለች፣ እናቷ ከወዲያ ማዶ ያ ረቢ ያ ረቢ እያለች ነፍሷ ትወጣለች።

ይቅርታ፣ አንቱታው ከዚህ በላይ አልሄድልኝ አለ። እስከዚህ ከተጎራበትን አንተ ልበልህ።

ስማኝማ፣ አንተ የነቀልከው ኮብልስቶን በዋዛ የመጣ መሰለህ? በየቤቱ መዋጮ ተዋጥቶ ነው፣ የእናቴ ደረሰኝ እስካሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ከክትባት ካርዴ ጋር ተጣጥፎ አለ። ድንጋዩን በማህበር የተደራጁ ልጆች ናቸው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው በመዶሻ አራት ማዕዘን እያደረጉ የጠረቡት፣ ከዚያ ሥሩ አሸዋ ተነጥፎ አንድ ባንድ ተደረደረ፣ እኛም ከጭቃ ወጣን ብለን ጫማ ገዛን። ኮብል እኮ እንደ ጥርስ ነው፣ አንዱ ሲነቀል ጎረቤቱ መነቃነቅ ይጀምራል፣ በተለይ ደሴ ላይ። ደሴ መቼም ሜዳ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፣ ጦሳ ተራራ ላይ የዘነበው ሁሉ በኛ ቁልቁለት አድርጎ ነው ወደ ቦርከና ወንዝ የሚወርደው፣ ሲወርድ አንተን ክፍት ሲያገኝ ይገባና ሥር ሥሩን አሸዋውን ይዞ ይሄዳል፣ ከላይ ያለው ድንጋይ ደህና መስሎህ ስትረግጠው ሸብረክ። ስትመጣ አንድ ክንድ ነበርክ አሁን ባጃጅ ትውጣለህ።

የተነቀሉት ድንጋዮች የት ሄዱ ካልከኝ፣ ዳር ላይ ተከምረው ነበር፣ ከዚያ አንድ ሁለት እያሉ ሰፈር ውስጥ ሥራ ያዙ። አንዱ የሱቁን በር እንዳይዘጋ ደግፎ ይዟል፣ አንዱ ባጃጅ ተራ ታኮ ሆኗል፣ ሦስቱ ደግሞ (የማን ቤት እንደሆነ አልናገርም፣ ቡና የምንጠጣበት ቤት ነው) ጉልቻ ሆነዋል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚሉት ውሸት ነው ወላሂ፣ በመዋጮ ጉልቻ የተሠራ ወጥ ቀምሼ አይቻለሁ፣ ይጣፍጣል፣ የራሴ ገንዘብ አለበታ።

አቤት አላላችሁም እንዳትለኝ። ቆፋሪው መሥሪያ ቤት ሄድኩ፣ «እኛ ቆፍረን መስመሩን ቀብረን ጨርሰናል፣ ማንጠፍ የኛ ሥራ አይደለም» አሉኝ። አንጣፊው ጋ ሄድኩ፣ «ያልቆፈርነውን አንደፍንም፣ መጀመሪያ የርክክብ ደብዳቤ ይጻፉልን» አሉኝ። ተመልሼ ደብዳቤውን ጻፉ ብል የሚፈርመው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነው፣ በነጋታው ሥልጠና ላይ ነው፣ በሳልስቱ ፊልድ ወጥቷል። የት ፊልድ? እዚህ ጉድጓድ አለ እኮ፣ ፊልድ ከፈለገ እኔ በባጃጅ ላመጣው እችላለሁ፣ እስከሱቁ ድረስ ማለቴ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ባጃጁ «አልገባም ወንድሜ፣ የሰው ንብረት ነው» ብሎ ያወርድሃል።

አንድ ቀን ግን መጡ፣ እውነቴን ነው፣ ለመስክ ምልከታ ተብሎ አምስት ሰው በአንድ መኪና። ዙሪያህን ቆመው አዩህ፣ አንደኛው በጣቱ ወዳንተ ጠቆመ፣ ሌላኛው ጣቱ እየጠቆመ ፎቶ አነሳው፣ ከዚያ ሄዱ። በኋላ ስሰማ ለካ አንተ ሪፖርት ላይ የለህም። መስመሩ ተቀብሯል፣ ሥራው መቶ በመቶ ተጠናቋል፣ ስለዚህ በወረቀት ደረጃ እኔ በየማታው የምወድቀው ሜዳ ላይ ነው። ስወድቅ እንኳ የሕግ ድጋፍ የለኝም ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል ደግሞ የእህቴ ሰርግ ደረሰ። የሙሽራው መኪና በአበባ አጊጦ እየነፋ መጥቶ እላይ ሱቁ ጋ ቀጥ አለ። ሚዜዎቹ በነጭ ጫማ ወርደው ሳንቃውን አዩት፣ እርስ በርስ ተያዩ። ሳንቃው ያው የድሮ አልጋችን ርብራብ ነው፣ ዝናብ ስለመታው ያዳልጣል፣ አጎቴ አመድ አምጥቶ በተነበት፣ ሚዜዎቹ አንድ ባንድ እጃቸውን ዘርግተው እንደ ሰርከስ ተሻገሩ፣ እኛ አሸበል ዘለል ስንል እነሱ ወደታች ነው የሚያዩት። መልሱ ላይ ሙሽሪትን ሁለት ሰው አንስቶ አሻገራት፣ ቬሎዋን ከኋላ የያዘችው ልጅ ግን ረሳችና ጫፉ አንተ ውስጥ ነከር ብሎ ወጣ። ቪዲዮው ላይ አለህ፣ ከሙሽራው አባት ይልቅ አንተ ብዙ ደቂቃ ታየህ።

የዚያን ቀን ነው ጎረቤታችን ሀጂ ምርቃት ሲያደርሱ ወዳንተ ዞረው «አንተንም አላህ ይሙላህ» ያሉት። ሰዉ ሁሉ አሚን አለ። የላይኛው ቤት ቄስ ደግሞ ሲያልፉ መቋሚያቸውን ወዳንተ ሰደድ አድርገው «ይድፈንህ» ብለዋል። እንግዲህ በሁለቱም በኩል ተደርሶልሃል፣ ወሎ ነህና ከዚህ በላይ ምን እናድርግልህ? የቀረህ የአንጣፊው መሥሪያ ቤት አሚን ብቻ ነው።

ደግሞ ክፋትህን ብቻ ብናገር ግፍ ይሆንብኛል። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት የነበረውን አዳራሽ አይጠየፍ ብለው የሰየሙት ማንንም ሳይለይ ስለሚያስተናግድ ነው ይባላል፣ አንተም በዚህ በዚህ የንጉሡ ልጅ ነህ፣ ሀብታም ደሃ፣ ሽማግሌ ሕፃን፣ የሰኞ ገበያ አህያ ከነጭነቱ፣ የመጣውን ሁሉ አጎንብሰህ ትቀበላለህ። ባለፈው ለምልከታ ከመጡት አንዱ ራሱ መኪናው ጋ ሲመለስ ግማሽ እግሩን አስተናግደሃል፣ እኔ በመስኮት አይቼ እንዳልሳቅኩ አድርጌ ስቄያለሁ።

አድራሻም ሆነኸናል። ቤቴን የጠየቀኝን ሁሉ «ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ደውል» ነው የምለው፣ አንድም ሰው ጠፍቶ አያውቅም። የቤት ቁጥራችን ያለበት ቆርቆሮ ዝጎ ወድቋል፣ አንተ ግን አለህ። እናቴ በቀደም ከአወሉ ስኒ ቀና ብላ «ቢደፍኑት ሰው ቤታችንን በምን ያገኘዋል?» ስትል ደነገጥኩ፣ ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ከልቧ ነው።

ስለዚህ እባክህ ሳንላመድ ሂድልን። መልስ ካለህ ከዝናብ በፊት ላክልን፣ በዝናብ ከሆነ ያው እቤት ድረስ ይዘኸው ትመጣለህ።

ከሰላምታ ጋር
የወዲያ ማዶ ነዋሪ (ፊርማ አለው፣ ማህተም የለውም፣ ማህተም የያዘው ሰውዬ ፊልድ ነው)

ግልባጭ፦
ለቆፋሪው መሥሪያ ቤት
ለአንጣፊው መሥሪያ ቤት (ሁለታችሁም ደብዳቤውን አንዳችሁ ለአንዳችሁ እንዳትመሩት)
ለአልጋችን ርብራብ፣ ከጡረታ ተጠርቶ እያገለገለ ስለሆነ እንዲያውቀው