ሐረር ግድግዳ አጥታ ነው ድንኳን የሚተከለው?

ለዘንድሮው የጥበብና የባህል ቀን የሥዕሉም፣ የፎቶውም፣ የአክርማ ስፌቱም ትርኢት ከጀጎል ግንብ ውጪ ሜዳ ላይ በሚተከል አንድ ድንኳን ውስጥ እንዲጠቃለል ተወስኗል። ጠዋት 3 ሰዓት ተከፍቶ 10 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከውሳኔው የባሰው ምክንያቱ ነው፦ ሕዝቡ ትርኢት የማየት ልማድ ስለሌለው ሥራዎቹ እንደቀረበው ሐሳብ በጀጎል ውስጥ በየቤቱ ቢሰቀሉ ዞሮ የሚያያቸው አይገኝም ተባለ።

የትኛው ሕዝብ? የሐረሪዎችን ባህላዊ ቤት፣ የጌ ጋርን ደጃፍ አንዴ የረገጠ ሰው ይህን ለመናገር አፉን አይከፍትም። ነደባው (የመቀመጫ መደቡ) ያለበት ግድግዳ በስፌትና በሳህን የተሸፈነው እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቦታ አለው፣ ቦታው ሲዛባ የቤቱ ሰው ወዲያው ያውቃል። ዙሩ ጠብቆ የተሰፋውን ከላላው፣ ቀለሙ እኩል የያዘውን ከዥጉርጉሩ በአንድ እይታ የሚለዩ እናቶች ባሉበት ከተማ ስለ «ልማድ ማጣት» ማውራት ድፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የተመዘገበው የሹዋሊድ በዓል ሦስት ቀን ሙሉ የሚደምቀውስ በማን ነው? ከቤቱ ወጥቶ በሚያየውና በሚያደምቀው በዚሁ ሕዝብ አይደለም?

ልማዱን እንተወውና ወደ ድንኳኑ እንግባ። በአክርማ የተሰፋ፣ ቀለም የተነከረ ስፌት ጠላቱ ብርሃን ነው። ሙዚየሞች ለእንዲህ ያለ ሥራ፣ ለጨርቅና ለውሃ ቀለም የሚፈቅዱት 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ነው፤ ለዘይት ቀለም ሥዕል እስከ 200። ሜዳ ላይ ጠራራ ፀሐይ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ነጭ የድንኳን ሸራ አብዛኛውን ቢያስቀርም ወደ ውስጥ የሚያልፈው በሺዎች ይቆጠራል። «ለአንድ ቀን ምን ይሆናል?» ለሚሉ ስሌቱ ይኸው። የብርሃን ጉዳት ይጠራቀማል እንጂ አይሽርም። በ5,000 ሉክስ 7 ሰዓት የዋለ ስፌት የሚያገኘው ብርሃን በ50 ሉክስ 700 ሰዓት ቢሰቀል የሚያገኘውን ያህል ነው። በቀን 7 ሰዓት በሚከፈት ሙዚየም ይህ 100 ቀን ነው። የአንዲት እናት ወራት የፈጀ የእጅ ሥራ በአንድ ቀን የ100 ቀን ዕድሜ ይቀነስበታል፤ ያውም ንግግር እስኪያልቅ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው!

ድንኳኑ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ነጩ ወረቀት ሰማያዊ፣ ቀዩ ቀለም ጥቁር ይመስላል፤ ሠዓሊው የቀባውን ማንም አያይም። መስታወት የገባበት ፎቶ ፊት የቆመ ሰው የሚያየው የድንኳኑን በርና የራሱን ፊት ነው። ከድንኳኑ ብረት ላይ በአንድ ገመድ የተንጠለጠለ የሥዕል ሸራ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይሽከረከራል፣ ጠርዙም ከብረቱ ጋር ይጋጫል። ትርኢቱ ሲነሳስ? አክሪሊክ ቀለም በሙቀት ይለሰልሳል። በጥድፊያ ፊት ለፊት ተደራርቦ ወይም በላስቲክ ተጠቅልሎ ከተጫነ ይጣበቃል፤ ሲላቀቅ ቀለሙ ተነስቶ ይመጣል። አራቱ ማዕዘን ላይ የታጠፈ ካርቶን ማድረግ ይህን ያስቀር ነበር፣ ግን በጥድፊያ ማን ያደርገዋል?

የጀጎል ቤት ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ ፀሐዩ ከደጅ ይቀራል፣ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ወደ ቢጫ የሚያደላ የኤልኢዲ አምፖል፣ ከላይ ወደ 30 ዲግሪ አጋድሎ ሲበራ ነጸብራቁ ከተመልካቹ ዓይን ይወጣል። በየቤቱ መስቀሉን ከሚቃወሙት አንድ ቁም ነገር ሰምቻለሁ፦ ሚስማር ቅርሱን ያበላሻል። እውነት ነው፤ ጭቃውን አልፎ ድንጋይ ያገኘ ሚስማር የእጅ መዳፍ የሚያህል ኖራ ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ አይመታ። 5 በ7 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ (የእንጨት ቋሚ) ሁለት አቁሞ፣ ሰፊ እግር ሰጥቶ፣ ከላይ ሽቦ ወጥሮ በጋንቾ መስቀል ነው። ሥዕሉን በሁለት ነጥብ ስቀሉት፤ መሐሉ ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ይህን አንድ አናጢ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ለሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል፤ የድንኳን ኪራይ ግን በማግስቱ የለም።

ድንኳኑ ለሙዚቃውና ለምግቡ ይተከል፣ ማንም አይከለክልም።

ሰዓቱም ቢሆን ከተማዋን በማያውቅ ሰው የተመረጠ ነው የሚመስለው። ሐረር ከምሳ በኋላ ጸጥ ትላለች፤ ጥላው ሲወርድ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ነው ሰው ወደ መጋላው (ገበያው) የሚወጣው። ልክ በዚያ ሰዓት ድንኳኑ ይዘጋል! ጠዋቱን ደግሞ ሪባንና ንግግር ይበሉታል። በኋላም የመጣው ሰው ቁጥር አነሰ ተብሎ ጥፋቱ በሕዝቡ ይላከካል።

መከፈቻው አንድ ቀን ይሁን፣ ሥራዎቹ ግን ቢያንስ ሦስት ሳምንት ግድግዳ ላይ ይቆዩ። የመክፈቻው ዕለት ቤቶቹ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይከፈቱ። ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ለሚመጡ ተማሪዎች የሚመደበው አውቶቡስም 9 ሰዓት ላይ ጥሩንባ እየነፋ አይሰብስባቸው፤ መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢነሳም ለእንቅልፍ ይደርሳሉ።