ግማሽ አፍ

ጥርሴን አስሞልቼ ስወጣ ሐኪሟ ሁለት ነገር አስጠነቀቀችኝ። «ማደንዘዣው እስኪለቅዎ ድረስ ትኩስ ነገር እንዳይጠጡ። ከንፈርዎን እንዳይነክሱ።» ሦስተኛውን ግን ረሳችው፤ «ስብሰባ እንዳይገቡ።»

የታችኛው ከንፈሬ የቀኙ ግማሽ ትራስ አክሎ የተንጠለጠለ መሰለኝ። በጣቴ ስነካው የሌላ ሰው ከንፈር የነካሁ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቅ ምንም አልቀረኝ። መስታወት ፊት ስቆም ግን ያው የድሮው ከንፈር ነው። ነርቩ መልእክት ሲያቋርጥበት አንጎል ከንፈሩን በራሱ ግምት ያሳብጠዋል። (ወሬ ሲቋረጥበት ከራሱ የሚጨምር ሰው መቼም ታውቃላችሁ።)

ጥርሱን ለመሙላት ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ከንፈር ግን ከ3 እስከ 5 ሰዓታት ያህል ደንዝዞ ሊቆይ ይችላል። ሊዶካይን የሚባለው ማደንዘዣ ላይ ትንሽ አድሬናሊን ይጨመርበታል፤ እሱ የደም ሥሩን ስለሚያጠብበው ማደንዘዣው ቶሎ ታጥቦ አይሄድም። ሊዶካይንን በ1943 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ከሠሩት ኬሚስቶች አንዱ ራሱን እየወጋ ነበር የሞከረው። ወግቶ ሲያበቃ ስብሰባ ይግባ አይግባ ግን አልሰማሁም።

እኔ ገባሁ። አለቃችን «እንዴት አደራችሁ?» ሲሉ «በጣም ደህና» ልል አፌን ከፈትኩ። «ፈጣም ደህና» ሆኖ ወጣ። ለሃጬ መውረዱን ያወቅሁት ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጠብ ሲል ነው። ሶፍት ጨብጬ መዳፌን ጉንጬ ላይ አስደግፌ ቁጭ አልኩ። ከሩቅ ላየኝ በሐሳብ የተዋጥኩ ነው የምመስለው።

ሌላ ቀን አጀንዳ ሳይነበብ አስተያየት አለኝ። ያን ቀን ግን ራሴን መነቅነቅ ብቻ ሆነ። ሁለት ሰዎች ሲጨቃጨቁ ለሁለቱም ነቀነቅሁ። ስንወጣ ሁለቱም አመሰገኑኝ። አለቃዬ ትከሻዬን መታ አድርገው «ዛሬ በስለህ ነው ያየሁህ» አሉኝ።

የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ደግሞ ኮሪደር ላይ ይዛኝ የባሏን ጉድ ዘረገፈችው። «እንዳንተ የሚያዳምጠኝ ሰው አጥቼ ነበር» ብላ እንባዋን ጠረገች። በእኔ ሶፍት። «ተይው፣ በምራቅ ርሷል» ልላት ሞከርኩ። «ፈፍራቅ» የሚል ድምፅ ሲወጣኝ አብሬያት ያለቀስኩ መሰላት።

ከሰዓት በኋላ ጉንዳን እንደሚሄድበት ሁሉ ከንፈሬን ውርር አደረገኝ። መጀመሪያ አገጬ መጣ፣ ቀጥሎ የከንፈሬ ጥግ፣ በመጨረሻ ምላሴ። ምላሴ ባዶ እጇን አልተመለሰችም፤ የግማሽ ቀን ውዝፍ ይዛ ነው። የጠዋቱን ስብሰባ ከመጀመሪያው አጀንዳ ጀምሬ ተቸሁ። የሁለቱን ተጨቃጫቂዎች ስህተት ለየብቻ አስረዳሁ። ለሒሳብ ክፍሏ ልጅ ስለ ባሏ ምክር ሰጠሁ፤ ጮክ ብዬ፣ ሰው ባለበት።

አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ፣

«በግራ በኩልስ የሚሞላ ጥርስ የለህም?» አለኝ።